ሳይወለዱ የታረሙት መንትዮች

የሰውን ዘረመል በቤተ ሙከራ መለወጥ ተችሏል። ለማን ሲባል፣ በማን ሕይወት ላይ፣ በማን ውሳኔ የሚለው ግን ዛሬም ያከራክራል። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኖቬምበር 28 ቀን 2018፣ ሆንግ ኮንግ። የዩኒቨርሲቲው አዳራሽ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። ሁለተኛው ዓለም አቀፍ የሰው ዘረመል አርትዖት ጉባኤ ከተከፈተ ሁለተኛ ቀኑ ነው። የፎቶ ጋዜጠኞች ትከሻ ለትከሻ ተጋፍተው ቆመዋል። መድረኩን የሚመሩት እንግሊዛዊው ተመራማሪ ሮቢን ላቨል-ባጅ፣ ታዳሚው ተናጋሪውን እንዲያስጨርሰው ተማጸኑ፤ ሁከት ከተነሣ ፕሮግራሙን እንደሚያቋርጡትም አስጠነቀቁ። ከዚያ ስሙን ጠሩ። ለጥቂት ጊዜ መድረኩ ባዶውን ቆየ። በመጨረሻ ኮት ያልደረበ፣ ቦርሳ ያንጠለጠለ የ34 ዓመት ሰው ከጎን ብቅ አለ። መድረኩን አቋርጦ ከመናገሪያው እስኪደርስ ድረስ ከካሜራዎቹ ቀጭ ቀጭታ በቀር የሚሰማ ነገር አልነበረም።

ሄ ጂያንኩይ ይባላል። በቻይና ሁናን ግዛት ከገበሬ ቤተሰብ ተወልዶ፣ ፊዚክስ ተምሮ፣ በአሜሪካው ራይስ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዲግሪውን ይዞ፣ በስታንፎርድ ጥቂት ሠርቶ ወደ አገሩ የተመለሰ፣ በሸንዘን ከተማ በዩኒቨርሲቲ መምህርነት የተቀጠረ ሰው ነው። በጉባኤው ዋዜማ ስሙ ዓለምን አዳርሶ ነበር። ሉሉ እና ናና በሚል የመሸሸጊያ ስም የጠራቸው መንትያ ሴት ልጆች ገና ሽል ሳሉ ዘረመላቸው ተለውጦ፣ በጤና መወለዳቸውን በዩቲዩብ ቪዲዮ አብስሯል። ከዚያ በፊት ዘረመሉ በዚህ መንገድ ታርሞ የተወለደ ሰው መኖሩ አይታወቅም።

ንግግሩን በይቅርታ ጀመረ። ይቅርታው ግን ዜናው ሳይታሰብ ቀድሞ ስለወጣ ብቻ ነበር፤ በሥራው እንደሚኮራ ተናገረ። ሲጠየቅም ሌላ ሴት በተመሳሳይ መንገድ ማርገዟን ገለጠ። ከታዳሚው መካከል የሃርቫርዱ ኬሚስት ዴቪድ ሊዩ ተነሡ። አባትየው ቫይረሱ በደሙ ቢኖርም ከኤችአይቪ ነፃ የሆነ ሽል ማግኘት ተችሏል፤ ታዲያ ይህ ሥራ ለእነዚህ ልጆች የሞላላቸው የሕክምና ጉድለት ምንድን ነው ብለው ጠየቁ። ጂያንኩይ ስለ መንትዮቹ ጉድለት አልመለሰም። ከነዋሪዎቿ 30 በመቶ ያህሉ በኤችአይቪ የተያዙባትን መንደር ማየቱን፣ እዚያ ያሉ ወላጆች እንዳያስይዟቸው ፈርተው ልጆቻቸውን ለአክስትና ለአጎት እንደሚሰጡ ተናገረ።

ከጂያንኩይ ንግግር በኋላ የጉባኤው ሰብሳቢ፣ የኖቤል ተሸላሚው ዴቪድ ባልቲሞር መድረኩን ያዙ። የተሠራው ኃላፊነት የጎደለው ሥራ መሆኑን፣ የሳይንስ ማኅበረሰቡም ራሱን በራሱ መቆጣጠር እንዳልቻለ በግልጽ ተናገሩ። በዚያው ሰሞን ከ100 በላይ ቻይናውያን ሳይንቲስቶች ድርጊቱን የሚያወግዝ መግለጫ ፈርመዋል።

ውግዘቱ በአንድ ድምፅ ቢሰማም የሊዩ ጥያቄ ከውግዘቱ ይጠልቃል። ዳፋው ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ በሚተላለፍ ሥራ ላይ ከሁሉ በፊት መነሣት ያለበት ጥያቄ ይመስለኛል፤ ሕመሙ የማን ነበር?

መቀሱና ስፌቱ

ጂያንኩይ የተጠቀመበት መሣሪያ ክሪስፐር ይባላል። ምንጩ ባክቴሪያ ነው። ባክቴሪያዎች አንድ ጊዜ ያጠቃቸውን ቫይረስ የዘረመል ቁራጭ በራሳቸው ዘረመል ውስጥ ያኖራሉ። ቫይረሱ ተመልሶ ሲመጣ ከዚያ ቁራጭ የተቀዳ መሪ ሞለኪውል አንድን ፕሮቲን እየመራ ወራሪው ዘንድ ያደርሰዋል፤ ፕሮቲኑም የቫይረሱን ዘረመል ይቆርጠዋል። በ2012 ጄኒፈር ዳውድና እና ኢማኑኤል ሻርፖንቲዬ ከባልደረቦቻቸው ጋር መሪውን ሞለኪውል በመቀያየር ይህን ፕሮቲን ወደ ተፈለገው የዘረመል ቦታ መላክ እንደሚቻል አሳዩ። ሁለቱ ሴቶች በ2020 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ተጋርተዋል። ቀድሞ ዓመታት ይፈጅ የነበረ የዘረመል ለውጥ ከዚህ በኋላ ለአንድ ተራ ቤተ ሙከራ የሳምንታት ሥራ ሆነ።

መሣሪያውን ብዙዎች በመቀስ ይመስሉታል። መቀሱ በተነገረው ቦታ ይቆርጣል፤ ስፌቱ ግን የሴሉ የራሱ ነው። ሴሉ የተቆረጠውን ሲገጥም ጥቂት ፊደላትን ሊጥል፣ ሌሎችን ሊጨምር ይችላል። መቀሱ ራሱም የሚመስለውን ቦታ አግኝቶ ያልታዘዘውን ሊቆርጥ ይችላል። በሽል ላይ ሲሆን ደግሞ ሌላ ችግር ይታከላል። ሽሉ መከፋፈል ከጀመረ በኋላ ቆረጣው ከቀጠለ አንዱ ሴል ታርሞ ሌላው ሳይታረም ይቀራል፤ የሚወለደው ልጅ አካሉ ከተለያየ ዘረመል የተቀየጠ ይሆናል።

ጂያንኩይ ያነጣጠረው ሲሲአር5 በተባለ ጂን ላይ ነበር። ኤችአይቪ ብዙውን ጊዜ ወደ ነጭ የደም ሴል የሚገባው ይህ ጂን በሚሠራው ፕሮቲን በኩል ነው። ከሰሜን አውሮፓ ሰዎች መካከል ከመቶ አንዱ ገደማ፣ 32 ፊደላት የጎደሉትን የዚህን ጂን ቅጂ ከሁለቱም ወላጆቹ ይወርሳል፤ እነዚህን ሰዎች የተለመዱት የኤችአይቪ ዓይነቶች አይደፍሯቸውም። በአፍሪካና በምሥራቅ እስያ ሕዝቦች ዘንድ ግን ይህ ለውጥ እምብዛም አይገኝም። ቲሞቲ ሬይ ብራውን የተባለው አሜሪካዊ የደም ካንሰር ይዞት ሳለ በ2007 በርሊን ውስጥ እንዲህ ያለ ዘረመል ካለው ለጋሽ መቅኔ ተሰጥቶት ከኤችአይቪ የተፈወሰ የመጀመሪያው ሰው ሆኗል። ጂያንኩይ ያን ፈውስ ከመወለድ በፊት አደርገዋለሁ ብሎ ተነሣ።

ራሱ ያቀረበው መረጃ ግን ሌላ ይናገራል። በናና ሽል ውስጥ አንዱ የጂኑ ቅጂ አራት ፊደል ሲጎድለው በሌላኛው ላይ አንድ ፊደል ተጨምሯል። በሉሉ ላይ አንዱ ቅጂ 15 ፊደል ጎድሎት ሌላው እንዳለ ቀርቷል። ተፈጥሮ የሠራችው የ32 ፊደል ጉድለት በአንዳቸውም አልተገኘም። የተፈጠሩት ለውጦች ከዚያ በፊት በሰው ላይ ምን እንደሚያስከትሉ ያልታዩ ናቸው። አንድ ያልተነካ ቅጂ የቀራት ሉሉ ከቫይረሱ እንደማትጠበቅ እየታወቀ ሽሏ በእናቷ ማሕፀን ተቀመጠ። በሌላ በኩል ሲሲአር5 የሌላቸው ሰዎች የዌስት ናይል ቫይረስ ሲይዛቸው ሕመሙ እንደሚጠናባቸው ጥናቶች ቀድመው አሳይተው ነበር። ከኤችአይቪም ሌላ መግቢያ የሚጠቀሙ ዓይነቶች አሉ። ልጆቹ ለማያስፈልጋቸው ግማሽ ጥበቃ፣ ሙሉ አደጋ ተሸክመው ተወለዱ።

በሽታው የት ነበር?

ተሳታፊዎቹ ጥንዶች የተመለመሉት በቤጂንግ ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሰዎች በሚረዳዱበት ማኅበር በኩል ነው። በሁሉም ጥንዶች ዘንድ ባልየው ቫይረሱ በደሙ አለ፤ ሚስትየዋ ነፃ ናት። አባቶቹ መድኃኒታቸውን በአግባቡ የሚወስዱ፣ የቫይረሱ መጠን በእጅጉ የወረደላቸው ነበሩ። ቫይረሱን ከወንዱ ዘር አጥቦ በመለየት ጤናማ ልጅ መውለድ ለዓመታት ሲሠራበት የቆየ ዘዴ ነው፤ ጂያንኩይም ራሱ ዘሩን አጥቦ ነው ሽሎቹን ያዘጋጀው። ስለዚህ ልጆቹ መቀሱ ሳይነካቸውም ከኤችአይቪ ነፃ ሆነው ይወለዱ ነበር።

ታዲያ እነዚህ ባልና ሚስት ለምን ገቡበት? በቻይና ደንብ መሠረት ኤችአይቪ በደሙ ያለ ሰው በሕክምና የታገዘ የመውለድ አገልግሎት ማግኘት አይፈቀድለትም ነበር። የሌላው ዜጋ መንገድ ለእነሱ ዝግ ነበር። ጂያንኩይ ይህን በር በስውር ከፈተላቸው፤ እንዲያውም የደም ምርመራው እንዳያጋልጣቸው የሌላ ሰው ደም በእነሱ ስም እንዲመረመር መደረጉን በኋላ መርማሪዎች ደርሰውበታል። ወላጅ ለመሆን የጓጉ፣ ሕግ የገፋቸው፣ ጎረቤት እንዳይሰማ የሚጨነቁ ሰዎች የቀረበላቸውን ያዙ። ማን ይፈርድባቸዋል?

ይህን የሚረዳ አንባቢ ካለ ኢትዮጵያዊው ነው። ሳህንና ብርጭቆ ለብቻ የሚለይበትን፣ ቤት አከራይ ወሬ ሰምቶ «ልቀቁልኝ» የሚልበትን፣ የሟች ቤተሰብ የሞቱን ምክንያት በሌላ በሽታ ስም የሚሸፍንበትን ዘመን ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። ጋብቻ ሲታሰብ የደም ምርመራ ወረቀት የሚጠየቅበት ልማድም በብዙ ቦታ እስከ ዛሬ አለ። ያን ዘመን የለወጠው ግን የማንም ልጅ ዘረመል መታረሙ አይደለም። በ2005 ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ጀመረ። ከ2013 ወዲህ ቫይረሱ በደሟ የተገኘባት ነፍሰ ጡር ወዲያው ዘላቂ ሕክምና እንድትጀምር የሚያዝዝ አሠራር ተዘረጋ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ተዘዋወሩ። በአደባባይ «ቫይረሱ በደሜ አለ» ብለው የመሰከሩ ደፋር ሰዎች የዝምታውን ግድግዳ ሰበሩ። ቫይረሱ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ የወረደለት ሰው ለትዳር ጓደኛው እንደማያስተላልፍ ዛሬ በሳይንስ ተረጋግጧል። አንዱ ቫይረሱ በደሙ ያለ፣ ሌላው ነፃ የሆኑ ጥንዶች ጤናማ ልጆች ወልደው ያሳድጋሉ።

ከዚህ አንጻር ሲታይ፣ በሆንግ ኮንግ መድረክ ላይ የቀረበችው የዚያች መንደር ታሪክ የሚያሳዝን ቢሆንም መልሱ የተሳሳተ ነው። ልጆቹን ከወላጆቻቸው የሚለያቸው ፍርሃት ነው። ፍርሃት በመድኃኒት፣ በትምህርትና በሕግ ይታከማል። ጂያንኩይ የኅብረተሰቡን ነውር ወስዶ በሁለት ሕፃናት ሴል ውስጥ ጻፈው። ነገ መገለሉ ቢጠፋ፣ ፈውስም ቢገኝ፣ ለውጡ በልጆቹ ውስጥ ይኖራል፤ ከወለዱም ወደ ልጆቻቸው ሊሻገር ይችላል።

ፊርማው

ወላጆቹ ፈርመዋል። ይህ ነጥብ በጂያንኩይ በኩል ለመከላከያ ደጋግሞ ቀርቧል፤ ወላጅ አውቆ ከፈቀደ ምን ይባላል?

የፈረሙት ሰነድ 23 ገጽ ነበር። ሥራውን የሚያስተዋውቀው የኤድስ ክትባት ልማት ፕሮጀክት በሚል ስም ነው። የልጃቸው ዘረመል ሊለወጥ መሆኑን አንድ ወላጅ ከዚህ ስም ሊገምት አይችልም። መቀሱ ያልታዘዘውን ቦታ ቢቆርጥና ችግር ቢመጣ የምርምር ቡድኑ ኃላፊነት እንደማይወስድ በውሉ ሰፍሯል። ሽሉ በማሕፀን ከተቀመጠ በኋላ ከጥናቱ ለመውጣት የሚፈልጉ ጥንዶች የወጣላቸውን ወጪ እንዲመልሱ የሚያስገድድ አንቀጽም ነበረበት። ውሉን ያብራራላቸው ራሱ ጂያንኩይ ሲሆን ማብራሪያው አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ እንደፈጀ ተናግሯል። በውጤቱ የሚከበረው ተመራማሪ ራሱ አስረጂ፣ ራሱ አስፈራሚ ሲሆን፣ ለጥንዶቹ የሚቆም ሌላ ሰው በክፍሉ ውስጥ የለም። ከሥነ ምግባር ኮሚቴ ተሰጠኝ ያለው ፈቃድም ሐሰተኛ ሆኖ ተገኝቷል።

ውሉ እንከን ባይኖርበትስ? ቢሆንም ከባዱ ነገር ይቀራል። ወላጅ ስለ ልጁ ብዙ ነገር ይወስናል፤ ያስከትባል፣ ያሳክማል፣ ያስተምራል፣ ሃይማኖቱን ያወርሰዋል። በእነዚህ ሁሉ ልጁ ሲያድግ መቀበል፣ መጨመር፣ መተው ይችላል። ወላጅ የመወሰን ሥልጣን ያገኘውም ለልጁ ጥቅም ስለቆመ ነው። ጤነኛ ሆኖ ሊወለድ የሚችልን ሽል ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሞከር መሣሪያ መስጠት ግን ከዚህ ሥልጣን ውጭ ይመስለኛል። እንዲህ ያለው ልጅ ዕድሜውን ሁሉ በሐኪም ክትትል ሥር መኖር ሊኖርበት ነው። ከክትትሉ ለመውጣት ቢፈልግ መብቱ ነው፤ ከተጻፈበት ግን መውጣት አይችልም። የገዛ ልጆቹ ሲወለዱም የሚያስጨንቀው ነገር ከሌላው ሰው የተለየ ነው። ይህን ሁሉ ስለ እሱ የፈረመለት ሰው፣ ለእሱ ጥቅም መሆኑን ማስረዳት ካልቻለ ፊርማው ምን ዋጋ አለው?

ቅጂ ሆኖ መወለድ

ይህ ጥያቄ ከክሪስፐር በፊትም ነበር። በጁላይ 1996 ከኤዲንብራ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኘው ሮዝሊን ተቋም ዶሊ የተባለች በግ ተወለደች። ኢያን ዊልሙት፣ ኪት ካምቤል እና ባልደረቦቻቸው ከአንዲት የስድስት ዓመት በግ የጡት ሴል ወስደው፣ የራሱ ዘረመል ከወጣለት እንቁላል ጋር አዋሐዱት። ዶሊ ዘረመሏን ከሞላ ጎደል በሙሉ የወረሰችው ከዚያች አንዲት በግ ነው፤ ይህ መንገድ ክሎኒንግ ይባላል። ዜናው በፌብሩዋሪ 1997 ሲሰማ ዓለም ስለ በግ አልተወያየም፤ ቀጥሎ ሰው ይሆናል ብሎ ፈራ። በዚያው ዓመት ዩኔስኮ ሰውን በክሎኒንግ ማራባት ከሰብአዊ ክብር ጋር እንደሚቃረን በሰው ዘረመል መግለጫው አሠፈረ። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም በ2005 ከሰው ክብርና ከሕይወት ጥበቃ ጋር የማይስማማውን ማንኛውንም የሰው ክሎኒንግ አገሮች እንዲከለክሉ ጠየቀ። መግለጫው በ84 ድጋፍ፣ በ34 ተቃውሞና በ37 ድምፀ ተአቅቦ ሲያልፍ የማስገደድ ኃይል አልነበረውም።

በዶሊ ታሪክ ውስጥ ብዙም የማይጠቀሰው ቁጥር 277 ነው። ተመራማሪዎቹ እንቁላልና ሴል ያዋሐዱት 277 ጊዜ ሲሆን ለመወለድ የበቃችው አንዲት ግልገል ናት። በ2018 መጀመሪያ የሻንጋይ ተመራማሪዎች ዞንግ ዞንግ እና ሁዋ ሁዋ የተባሉ ጦጣዎችን በዚሁ መንገድ ማግኘታቸውን አስታወቁ። ለሰው የቀረበ እንስሳም ቅጂ ሊሆን እንደሚችል ታየ፤ ብዙ ሙከራ ከሽፎ ጥቂት ብቻ መሳካቱም እንዳለ ነበር። በሰው ላይ ቢሞከር የሚከሽፈው እያንዳንዱ ሙከራ የአንዲት ሴት እርግዝናና ስብራት ነው።

የሴቶቹን ድርሻ ያጋለጠው የደቡብ ኮሪያው ሁዋንግ ዉ-ሱክ ታሪክ ነው። በ2004 እና በ2005 ክሎን ከሆነ የሰው ሽል ግንድ ሴል አገኘሁ ብሎ በሳይንስ መጽሔት አወጣ። በአገሩ የብሔራዊ ጀግና ክብር ተሰጠው። ብዙም ሳይቆይ መረጃው የተፈጠረ መሆኑ ታወቀ፤ ጽሑፎቹም ተሻሩ። በምርመራው ከ100 በላይ ሴቶች ከ2,000 የሚበልጡ እንቁላሎችን መስጠታቸው ተገለጠ። ከሰጪዎቹ መካከል በእሱ ሥር የሚሠሩ ወጣት ተመራማሪዎች ይገኙበታል። እንቁላል ለማውጣት ሴቲቱ ለተከታታይ ቀናት የሆርሞን መርፌ ትወጋለች፤ በመርፌም ከእንቁልጢዋ ይቀዳል። አለቃዋ እንቁላል እንደሚያስፈልገው የምታውቅ ጀማሪ ተመራማሪ «እምቢ» ለማለት ምን ያህል ነፃ ናት?

ሰውን በክሎኒንግ ለመውለድ የሚቀርቡት ምክንያቶች ሲመረመሩም ሕመሙ የሚወለደው ልጅ ሕመም ሆኖ አይገኝም። ልጇ የሞተባት እናት ሐዘኗ መሪር ነው፤ ግን የሚመጣው ሕፃን ሐዘኗን ለማስታገስ በሌላ ልጅ ቦታ የተተካ ይሆናል። ዘረመሉ አንድ ቢሆንም እሱ ሌላ ሰው ነው፤ መንትዮች ያሉበት ቤተሰብ ይህን ያውቃል። ዕድሜ ልኩን ሟቹን እንዲመስል ይጠበቅበታል፤ ሳይመስል ሲቀር ደግሞ የወላጁ ሐዘን እንደገና ይቀሰቀሳል። በራሱ ስምና በራሱ ዕድል የመወለድ መብቱን የሚነጥቀው ይህ ነው።

ሕመሙ የራሷ የሆነ ሴት

ከዚህ ሁሉ ተነሥቶ የዘረመል ሕክምናን በጅምላ የሚያወግዝ ሰው የቪክቶሪያ ግሬይን ታሪክ ይስማ። ሚሲሲፒ ውስጥ የምትኖር ጥቁር አሜሪካዊት፣ የአራት ልጆች እናት ናት። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ሲክል ሴል የተባለው የደም በሽታ አሠቃይቷታል። በዚህ በሽታ ቀይ የደም ሴሎች እንደ ማጭድ ይታጠፋሉ፤ ጠባብ የደም ሥሮችን ይዘጋሉ፤ ሕመሙ አጥንት ይሰብራል የሚያሰኝ ነው። በ2019 በናሽቪል ከተማ ሐኪሞች ከራሷ መቅኔ የሚመነጩትን ሴሎች ወስደው በክሪስፐር አረሙላት። እያንዳንዱ ሰው በማሕፀን ሳለ የሚጠቀምበት፣ ከተወለደ በኋላ የሚዘጋ ሌላ የሄሞግሎቢን ዓይነት አለ፤ ያረሙት ይህን የሚዘጋውን ማብሪያ ማጥፊያ ነው። መቅኔዋ በከባድ መድኃኒት ከተጠረገ በኋላ የታረሙት ሴሎች ተመለሱላት። የዓመታት ስቃይዋ ተገታ። በማርች 2023 ለንደን በተካሄደው ሦስተኛው የሰው ዘረመል አርትዖት ጉባኤ ላይ ራሷ ቆማ ታሪኳን ተናገረች።

ሕመሙ የእሷ ነበር። አደጋውን ተረድታ የወሰነችው እሷ ናት። የታረመው ደሟ እንጂ ለልጅ የሚተላለፈው ዘሯ አይደለም። ልብ ሊባል የሚገባው ደግሞ መናገር የማይችል ታማሚም በዚሁ መለኪያ መታከሙ ነው። በ2025 የፊላደልፊያ ሐኪሞች በጉበቱ ጉድለት ምክንያት አሞኒያ በደሙ እየተጠራቀመ ሞት አፋፍ ላይ ለነበረ ሕፃን ለእሱ ብቻ የተዘጋጀ የዘረመል ማረሚያ ሰጡት። ሕፃኑ አልፈቀደም፤ ግን ታማሚው እሱ ነው፤ ወላጆቹ ስለ እሱ ሲወስኑ የመዘኑት የራሱን ሞትና የራሱን ሕይወት ነው።

መለኪያው በዘር ለሚተላለፍ ለውጥም ይሠራል። በእንግሊዝ ሚቶኮንድሪያ በተባለው የሴል ክፍል በኩል ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፉ ገዳይ በሽታዎችን ለማስቀረት፣ ከሌላ ሴት እንቁላል ጤናማ ሚቶኮንድሪያ የሚወሰድበት ዘዴ አለ። ዓመታት ከፈጀ የሕዝብ ውይይት በኋላ ፓርላማው በ2015 ድምፅ ሰጥቶ ፈቀደው። በ2025 በዚህ መንገድ ስምንት ሕፃናት መወለዳቸው ተገለጸ። የሚወገደው በሽታ የልጆቹ የራሳቸው ይሆን ነበር፤ ሥራው የተሠራውም በአደባባይ፣ በሕግና በፈቃድ ነው። እኔም በሩ ለዘላለም ይዘጋ አልልም። በአብዛኛው የዘር በሽታ ግን ሽሎችን መርምሮ በሽታው የሌለበትን ማስቀመጥ ስለሚቻል ሽልን ማረም ብቸኛ መዳኛ የሚሆንባቸው ቤተሰቦች ጥቂት ናቸው።

ደስታውን የሚያደበዝዘው ዋጋው ነው። ቪክቶሪያ የወሰደችው ሕክምና በ2023 መጨረሻ በእንግሊዝና በአሜሪካ ሲፈቀድ የአሜሪካ ዋጋው ለአንድ ሰው 2.2 ሚሊዮን ዶላር ተባለ። በዓለም ላይ ሲክል ሴል ይዟቸው ከሚወለዱት ሕፃናት ከሦስት አራተኛ የሚበልጡት ደግሞ ከሰሃራ በታች ባሉ የአፍሪካ አገሮች ናቸው። የፈውሱ ቁልፍ በአንድ አህጉር፣ የበሽታው ሸክም በሌላ አህጉር ተቀምጧል። ስለ ዘረመል ሥነ ምግባር ሲወራ የሀብታም ወላጆች የልጆቻቸውን የዓይን ቀለም ስለመምረጣቸው ብዙ ይባላል፤ ዛሬ ባለው መድኃኒት ሊድን ሲችል የሚሞተውን ሕፃን ያህል ግን የሚያስቸኩል ነገር አላይም።

ሕጉና ገበያው

ዲሴምበር 30 ቀን 2019 የሸንዘን ናንሻን ወረዳ ፍርድ ቤት ሄ ጂያንኩይን በሦስት ዓመት እሥራትና በሦስት ሚሊዮን ዩዋን ቀጣ፤ ሁለት ግብረ አበሮቹም ተፈረደባቸው። በሥራው ሦስት ልጆች መወለዳቸው በዚሁ ተረጋገጠ። ቻይና የወንጀል ሕጓን አሻሽላ ከ2021 ጀምሮ የታረመ ወይም ክሎን የሆነ ሽልን በማሕፀን ማስቀመጥን በስም ጠቅሳ ከለከለች። የዓለም ጤና ድርጅት ያቋቋመው የባለሙያዎች ቡድንም በ2021 ምክረ ሐሳቡን አወጣ።

ነገሩ በዚህ አልተዘጋም። ጂያንኩይ በ2022 ተፈትቶ ወደ ቤተ ሙከራ ተመልሷል። በደቡብ አፍሪካ በ2024 የወጣው የምርምር ሥነ ምግባር መመሪያ በዘር የሚተላለፍ አርትዖትን ስለ ማጥናት የሚደነግግ ክፍል ይዞ በመምጣቱ፣ የአገሪቱ የጤና ሕግ ግን የሚከለክል በመሆኑ፣ ብርቱ ክርክር ተነሥቷል። አሜሪካ ውስጥ በ2025 ሽልን የማረም ቴክኖሎጂ ለማልማት ገንዘብ የሚያሰባስቡ አዳዲስ ኩባንያዎች ተቋቁመዋል። በዚያው ዓመት የሴልና የጂን ሕክምና ዓለም አቀፍ ማኅበራት በዘር የሚተላለፍ አርትዖት ለአሥር ዓመት እንዲታገድ ጠይቀዋል። የአንዱ አገር ሕግ ሲጠብቅ ሙከራው ሕግ ወደ ላላበት አገር የመሄድ ዝንባሌ አለው። ተቆጣጣሪው የደከመ፣ መውለድ ያልቻለ ሰው የሚናቅበት፣ ሕክምና ፍለጋ ሰው ያለውን የሚሸጥበት ምድር ለእንዲህ ያለው ገበያ ይመቻል።

ስለዚህ ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። መሃንነት የሚያስንቃት ሴት፣ በሽታው እንዳይታወቅበት የሚሸሸግ ባል፣ አካል ጉዳተኛ ልጇን ከእንግዳ የምትደብቅ እናት በእኛም ቤት አሉ። ከእነዚህ ሰዎች ጭንቀት የሚያተርፍ ሰው «ልጅህን አስተካክልልሃለሁ» ብሎ ሲመጣ እምቢ የሚሉበት አቅም የሚኖራቸው፣ ኅብረተሰቡ ቀድሞ ጭንቀቱን ካቀለለላቸው ነው። የተደበቀውን ልጅ ወደ ትምህርት ቤት የሚያወጣ ሥርዓት፣ ቫይረሱ በደሙ ያለውን ሰው ከወላጅነት የማይከለክል ሕግ፣ ልጅ ያልወለደችን ሴት የማያሸማቅቅ ጎረቤት፣ እነዚህም የሥነ ምግባሩ አካል ናቸው። በሕግ በኩልም በዘር የሚተላለፍ ለውጥንና ሰውን በክሎኒንግ መውለድን በስም ጠርቶ የሚደነግግ አንቀጽ፣ ለተመራማሪው ሳይሆን ለታማሚው የሚቆም የሥነ ምግባር ኮሚቴ፣ በዓለም መድረክም ስለ መድኃኒቱ ዋጋ አጥብቆ የሚከራከር የአፍሪካ ድምፅ ያስፈልገናል።

ሉሉ እና ናና ሰዎች ናቸው፤ እንደማንኛውም ልጅ ፍቅርና ከለላ፣ ማንነታቸው ሳይገለጥ የመኖር መብትና ዘላቂ የጤና እንክብካቤ ይገባቸዋል። አንድም ጥፋት የለባቸውም። ለሚመጡት ልጆች የምንችለው ነገር ደግሞ ይህ ነው፤ ማንም ተመራማሪ፣ ኩባንያ ወይም ወላጅ ወደ ሽል እጁን ከመዘርጋቱ በፊት ሊታከም የታሰበው ሕመም የልጁ የራሱ መሆኑን በአደባባይ እንዲያስረዳ ማስገደድ። ሕመሙ የልጁ ካልሆነ፣ ሐዘን ከሆነ፣ ኀፍረት ከሆነ፣ ዝና ወይም ትርፍ ከሆነ፣ መታከም ያለበት ሌላ ሰው ነው። ልጁን ተዉት።